ቢጫው ላይ የተቀመጠው ጥቁር ኮከብ

የጋና ዋና ከተማ አክራ ገብቼ መጀመሪያ የተናደድኩት በታክሲ ነው። ከኤርፖርት እስከ ኦሱ ሰፈር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሹፌሩ 250 ሴዲ አለኝ። ጊዜው የካቲት 2016 ነው፤ ሴዲ ያኔ አራት ብር ከምናምን ነበር። ተከራክሬ ተከራክሬ 180 ከፈልኩ። በነጋታው ለእንግዳ ማረፊያዋ ጽዳት ሠራተኛ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስልሳ በቂ ነበር አለችኝ።

ግን በመንገዱ ላይ ንዴቴን የሚያስረሳ ነገር ነበር። ከተማው በሙሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ለብሷል። የመብራት እንጨቱ፣ የሱቁ በር፣ የታክሲው መስታወት፣ የብርቱካን ሻጯ ጃንጥላ ሳይቀር። ጋናዎች የነጻነት በዓላቸውን የሚያከብሩት ማርች 6 ነው፤ በእኛ የካቲት 27 መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ አድዋን አዲስ አበባ አክብሬ ነው የተነሳሁት። ቀለሙ ያው፣ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ። እነሱ ቀዩን ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች ያደርጋሉ። መሐል ላይ፣ ቢጫው ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ኮከብ አለች።

እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ለመመስገን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግኩት "አፍሪካ ባንዲራዋን ከእኛ ወሰደች" የሚለውን ነው። ከሰሃራ በታች ካሉ የቅኝ ግዛት ሀገሮች ነጻነቷን ቀድማ ያገኘችው ጋና ናት፤ በ1957 እ.ኤ.አ. (የእነሱን ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋል እያሉ እነዚህኑ ቀለሞች አነሱ። ስለዚህ አንድ ሰው "ኢትዮጵያዊት ነሽ? እናመሰግናለን" ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ኦክስፎርድ ስትሪት ላይ ሻርፕ የሚሸጠው ልጅ ግን ሲያየኝ የጮኸው "ራስታ! ሲስተር ራስታ!" ብሎ ነው። ፀጉሬ ሹሩባ ነበር። ሻርፑን ሰማኒያ አለኝ፣ በአርባ ገዛሁት።

የመጀመሪያዋ ሌሊት አልተኛሁም። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ደግሞ በትክክል መስኮቴ ስር ነው። መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ፣ ብከፍተው ጭሱ። የአዲስ አበባ ሰውነት በማርች ወር የአክራ ሌሊት ውስጥ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ። ሲነጋጋ መብራቱ መጣ፤ ያኔ ዶሮው ጀመረ።

በዚያ ዓይን ነው ወደ ነጻነት አደባባይ የሄድኩት። ትሮትሮ በሚሏቸው ሚኒባሶች ተሳፈርኩ። ወያላው መቶ ሴዲዬን አይቶ ፊቱን አዞረ፤ ዝርዝር የለውም። አጠገቤ የነበረች፣ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ያቀፈች ሴትዮ ምንም ሳትናገር ከፈለችልኝ። ላመሰግናት ስል "ውሃ ጠጪ፣ ፊትሽ ደርቋል" ብላኝ ወረደች።

ጋናን ወደ ነጻነት የመራው ንክሩማ በ1961 ያሠራው አደባባይ ሰፊ ነው፤ ባሕሩ ከጀርባው ነው። የዚያ ዓመት ዋና ሰልፍ ኮፎሪዱዋ በምትባል ሌላ ከተማ እንዲሆን ስለተወሰነ ድንኳንም ወታደርም አልነበረም። ቅስቱ ላይ ጥቁሩ ኮከብ ተቀምጧል፤ "ነጻነትና ፍትሕ" የሚል ጽሑፍም አለ። እኔን የያዘኝ ግን መንገዱ ነው። ስሙ "ፌብሩዋሪ 28" ነው። በ1948፣ በዚያ ቀን፣ ለእንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የጎልድ ኮስት (የጋና የቅኝ ግዛት ስሟ ነው) ወታደሮች መሣሪያ ሳይዙ የእንግሊዙ ገዥ ወደሚቀመጥበት ክርስቲያንስቦርግ ግንብ ሄዱ። የያዙት አቤቱታ ነው፤ የተገባልን ጡረታና ሥራ የት አለ የሚል። ግንቡ ሳይደርሱ የእንግሊዝ ፖሊስ አዛዥ ተኮሰባቸው። ሦስት ሰዎች ሞቱ፦ ሳጅን አጄቴይ፣ ኮርፖራል አቲፖ፣ ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ። ከተማዋ ተቀጣጠለች፤ ንክሩማና ጓደኞቹም ታሰሩ። ነጻነቱ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ቀዩ ለእነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። አድዋን ስናስብ ቀዩን በጦር ሜዳ ደም ስለለመድኩት፣ የጡረታ ጥያቄ ደም መሆኑ አስደነገጠኝ።

የንክሩማ መታሰቢያ ፓርክ ቅርብ ነው፤ በእግር ሄድኩ። ነጻነቱን ያወጀው እዚሁ ቦታ ላይ ነው፤ ያኔ የእንግሊዞች የፖሎ ሜዳ ነበር። አስጎብኚው ሸምገል ያሉ፣ ሸሚዛቸው እንደ ብርጭቆ የተተኮሰ ሰውዬ ናቸው። በ1966ቱ መፈንቅለ መንግሥት ጭንቅላቱ የተቆረጠውን ሐውልት አሳዩን። ጭንቅላቱ ለብቻው አጠገቡ ቆሟል። እኔ ግን አላስቻለኝም።

"ቀለሙን ከእኛ ነው የወሰዳችሁት አይደል?" አልኳቸው።

"ወርቁ ከማዕድን ከተማችን ከኦቡአሲ ነው ልጄ" አሉኝ። "ከኢትዮጵያ አይደለም።"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ትንሽ አመመኝ። ባንዲራውን የሠሩት አስተማሪና ሠዓሊ የነበሩት ወይዘሮ ቴዎዶሲያ ኦኮ ናቸው። እሳቸው የሰጡት ምክንያት የሀገራቸው መሬት ነው፦ አረንጓዴው ደኑ፣ ቢጫው ማዕድኑ፣ ቀዩ ለነጻነት የሞቱት። ኮከቧ የአፍሪካ ነጻነት ናት። ጥቁር ኮከብ የሚለውን ስም ጃማይካዊው የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ማርከስ ጋርቬይ በ1919 ያቋቋመው የመርከብ ኩባንያ ቀድሞ ይዞት ነበር፤ ዛሬ የእግር ኳስ ቡድናቸውም ብላክ ስታርስ ነው። ሽማግሌው ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ሊያጽናኑኝ አንድ ነገር ጨመሩ። ንክሩማ በ1935 ወደ አሜሪካ ሊማር ሲሄድ ለንደን ላይ "ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ" የሚል የጋዜጣ ሰሌዳ አየ። ያን ጊዜ መላው ለንደን በእሱ ላይ ጦርነት ያወጀበት እንደመሰለው ራሱ ጽፏል። ይኸን ከጠበቅኩት ምስጋና ሁሉ አስበልጬ ተቀበልኩት።

ሌላ የማላውቀውን ነገር ያወቅኩት እዚያው ነው። ንክሩማ በ1964 ሀገሪቱን የአንድ ፓርቲ ሲያደርግ፣ ከባንዲራው ቢጫው ወጥቶ ነጭ ገባ። የፓርቲው ቀለም ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ ነበራ! ሁለት ዓመት እንዲህ ተውለበለበ። በ1966 መፈንቅለ መንግሥት ሲሆን ቢጫው ወዲያው ተመለሰ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች አንዱ ኮቶካ ነው፤ ያረፍኩበት ኤርፖርት በስሙ ነበር የሚጠራው። የንክሩማ ሐውልት ከተማው መሐል፣ የገልባጩ ስም ኤርፖርቱ ላይ። እኛ ጋ ቢሆን አንዱ ሌላውን ሳይፍቅ አይተኛም ነበር። እኛ ጋ የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ዓርማ የሌለውን ባንዲራ ከልክሎ፣ ሰው ለበዓል ሲወጣ የትኛውን ልያዝ ብሎ ያስባል። የትኛውን እንደያዝክ ታይቶ ሰፈርህ ይገመታል። አክራ ውስጥ ነጩን ይዞ የሚከራከር አንድም ሰው አላየሁም። ቀናሁ።

ከዚያ ኬፕ ኮስት ሄጄ ተመለስኩ፤ ስለዚያ የባሪያ ንግድ ግንብ እዚህ አልጽፍም። በመንገድ የበላሁት ዋቼ ግን መጠቀስ አለበት፦ ሩዝና ባቄላ አብሮ የተቀቀለ፣ በቅጠል የተጠቀለለ፣ ላዩ ላይ ሺቶ የሚባል ጥቁር የሚያቃጥል ነገር። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

ወይዘሮ ኦኮ የሀገሪቱን የሆኪ ማኅበር ለረጅም ዓመታት የመሩ ናቸው። ብሔራዊ የሆኪ ስታዲየሙ በስማቸው ነው። አንድ ጊዜ ስማቸው ተነስቶ በሟቹ ፕሬዚዳንት በሚልስ ስም ሊጠራ ነበር፤ ሕዝቡ ጮኸ፣ ተመለሰ። በ2015 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። ስታዲየሙን ላይ ብሄድ በሩ ዝግ ነበር፤ በአጥሩ አይቼ ተመለስኩ።

የመጨረሻው ቀን ጄምስታውን ነበርኩ፣ የአሣ አጥማጆች ሰፈር። ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎቻቸው ላይ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ የጋና፣ የአሜሪካ፣ የእስራኤል፣ የቼልሲ ሳይቀር። ከመካከላቸው አንዱ አረንጓዴው ከላይ የሆነ፣ መሐሉ ላይ አንበሳ ያለበት ነው። ልቤ ዘለለ። መረብ የሚጠግነውን ሰውዬ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"የቦብ ማርሌይ" አለኝ።

"የኢትዮጵያ ነው። የእኔ ሀገር ነው" አልኩት።

መረቡን አስቀመጠ። "ታዲያ ቦብ ማርሌይ የእናንተ ሀገር ሰው ነው?"

"አይደለም፣ ጃማይካዊ ነው።"

"እንግዲህ!" አለና ጓደኞቹን ዞሮ አየ። እነሱ ሳቁ። ፎቶ ላንሳው ስል ሃያ ሴዲ አለኝ። አስር ላይ ተስማማን።