የሽጉጤን እጀታ ቀይሬ ያየሁት አበሳ

ማካሮቭ ሽጉጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ሞላውን ቀይሩ። እጀታውን ግን ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሳትይዙ እንዳትነኩ። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ደጅ ጥናት አላይም ነበር።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ የከብት ንግድ። ሰኞ ባቲ፣ ሌላ ቀን ሐይቅ ወይ ኩታበር እውላለሁ። ገንዘብ ይዞ መንገድ ማምሸት ስላለ ሽጉጥ አለኝ። ፈቃድ ያለው፣ በስሜ የተመዘገበ ነው። የሶቪየት ሥሪት ሲሆን በደርግ ጊዜ ከገቡት አንዱ ነው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። የሶቪየት ጦር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ የታጠቀው ሞዴል ነው። ግድ የለሽ ሰው እጅ ገብቶም ቶሎ አይሞትም።

ዝገት ግን አይችልም። የደሴን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለ ልብስ ሳይቀር ይረጥባል። ቆዳ ደግሞ ያን እርጥበት መጥጦ ይይዛል። ስለዚህ ሽጉጥ በቆዳ ማሕደሩ ውስጥ አይደር። ቀን ታጠቁት፣ ማታ አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉት። ማሕደሩን ለጌጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች ሲቆጡኝ ሰምቻለሁ፣ ይቆጡ።

የእኔው ሦስት ነገር ሆኖ ነበር። ሳቀባብለው የላይኛው ብረት ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት አይመለስም፣ ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። የካዝናው ሞላ ደክሞ የመጨረሻዎቹን ጥይቶች በደንብ አያነሳም። ቡናማው የፕላስቲክ እጀታ ደግሞ ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ተሰንጥቋል።

ሞላዎቹን፣ የላይኛውን ብረት የሚመልሰውንም የካዝናውንም፣ የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ፈቃድ ካለው ጠጋኝ ነው። የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ ነክ ነገር ሁሉ በፈቃድ ስለሆነ፣ «ጓሮ የሚሠራ ጎበዝ አለ» የሚላችሁን አትስሙ። አገጣጠሙ ቀላል ነው። ካዝናውን ማውጣት፣ ማቀባበል፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በጣትም ማየት። ከዚያ የምላጩን ከለላ ወደ ታች ስቦ ዘንበል ማድረግና የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ፣ ከፍ አድርጎ ማውጣት ነው። አሮጌው ሞላ ከበርሜሉ ላይ ይወልቃል፣ አዲሱ ይጠለቃል። ጠበብ ያለው ጫፍ ቀድሞ ነው የሚገባው። ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ስታስቀምጡት ምን ያህል እንዳጠረ ታያላችሁ። «በእጅ ስበህ አስረዝመው» የሚል ምክር ወሎ ውስጥ ሞልቷል። አይሠራም። የተሳበ ሞላ ጥቂት ቆይቶ ወደነበረበት ይመለሳል። ማካሮቭ ላይ ደግሞ ይህ ሞላ የዋዛ አይደለም። ከብዙዎቹ ትልልቅ ሽጉጦች በተለየ፣ በርሜሉና የላይኛው ብረት የሚቆላለፉበት ነገር የለውም። ሲተኮስ ብረቱን ገትሮ የሚይዘው የራሱ ክብደትና ይህ ሞላ ብቻ ነው። ሞላው ሲደክም ብረቱ አካሉን ይደበድበዋል።

ካዝና ሞልቶ ማስቀመጥ ሞላውን ይገድለዋል የሚባለውንም አልቀበልም። ጥሩ ሞላን የሚያደክመው ደጋግሞ መጨመቅና መለቀቁ፣ ከዚያ ዝገቱ ነው።

አሁን ወደ እጀታው።

የማካሮቭ እጀታ አንድ ወጥ ነው። ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላ አቅፎ ይዞ በአንዲት የኋላ ብሎን ይታሰራል። ባቲ ገበያ የጊሌ፣ የአፋሮች ጩቤ፣ እጀታ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። «አባባ፣ ይችን በወይራ ይሠሩልኛል?» አልኳቸው። የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ እያገላበጡ አይተው «አብሽር፣ ይሠራል» አሉ። አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አየሁ። ውስጡን ከፈለፈሉ በኋላ የድስት ጥላሸት በጣታቸው አንስተው ባዶውን የሽጉጥ አካል ቀቡት። እንጨቱን ገፋ አድርገው አስገብተው አወጡት። ጥቁር ያረፈበትን ብቻ ፋቁ። እንደገና ቀቡ፣ አስገቡ፣ ፋቁ። ግርጌው ላይ ካዝናውን የሚይዘው ምላስ እንዳይታፈን ያን ቦታ ሆን ብለው አሳሱት። ያ ምላስ የመቺው ሞላ ጫፍ ስለሆነ እንጨት ከተጫነው ካዝናው አይወጣም። ሲያልቅ በእጅ ሞላ የሚል፣ ዝናብ የማያንሸራትተው፣ ደስ የሚል ነገር ወጣው። ዛሬም ይህን እጀታ በማሠራቴ እኮራለሁ።

ከዚያ ፈቃድ የማሳደሻ ጊዜ ደረሰ።

መዝገቡ ላይ የተቀመጠው ልጅ ጨዋ ነው፣ እሱን አላማም። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ። አካሉ ላይ ያለው ልክ፣ የላይኛው ብረት ላይ ያለው ልክ። ብዕሩን አንስቶ ሊጽፍ ሲል ቆመ።

«አባባ፣ ይሄ የተመዘገበው ሽጉጥ አይደለም።»

«ቁጥሩን አሁን አየኸው እኮ ልጄ።»

«ቁጥሩማ ልክ ነው። ልዩ ምልክት የሚለው ላይ ግን ቡናማ ፕላስቲክ እጀታ፣ ባለ ኮከብ ይላል። ኮከቡ የታለ?»

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም። ወደ ኃላፊው መራኝ። ኃላፊው ሽጉጡን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የሞተ አይጥ ይመስል፣ «እጀታ ለመቀየር ፈቃድ ከየት አመጡ?» አለኝ።

«ለእጀታ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?»

«እኛ አይደለንም።»

«ታዲያ ማን?»

«እሱን እርስዎ ያጣሩ።»

አጣራሁ። ሌላ ቢሮ «የመዘገበው ይወስን» አለ። የመዘገበው «ከበላይ ደብዳቤ ይምጣ» አለ። የበላዩ ስብሰባ ላይ ነው። ሽጉጡ ደግሞ «እስኪጣራ» ተብሎ እነሱ ዘንድ ቀረ። ይህን ልብ በሉ፦ መሣሪያ ስታስረክቡ ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ማህተም ያለው ደረሰኝ ካልተሰጣችሁ ከወንበራችሁ አትነሱ። «ግዴለም፣ እኛ ዘንድ ነው ያለው» ብለውኝ ነበር። ግድ አለኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጻፉልኝ። በኋላ የያዘው ሰው ተቀይሮ አዲሱ «ምን ሽጉጥ?» ሲለኝ ያቺ ብጣሽ ወረቀት ባትኖር ምን እንደምሆን አላህ ይወቅ።

በዚያ መሃል ባቲ ባዶ እጄን እየሄድኩ፣ ገንዘቡን በስልክ ማስተላለፍ ለመድኩ። ሻጮቹ መጀመሪያ አኮረፉ፣ በኋላ ተስማሙ። የቢሮው ውለታ ይህ ብቻ ነው።

መላውን የነገረኝ በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው። «ጋሼ፣ ለምን ይጨቃጨቃሉ? አሮጌዋን ይዘው አይመጡም?» አለኝ። የተሰነጠቀችው እጀታ ቤት፣ ብሎን የማጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ ነበረች። ስንጥቋን በሱፐር ግሉ ለጥፌ ይዣት ሄድኩ። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ፣ በራሴ ካቻቢቴ፣ ወይራውን ፈትቼ ፕላስቲኩን አሰርኩ። ኃላፊው ኮከቧን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። «አሁን ነው ልክ የሆነው» አለና ፈረመ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በዚያ ሁሉ ምልልስ አንድም ሰው ሽጉጡን አላቀባበለም። ጥይት ጎርሶ እንደሆነ እንኳ ያየ የለም፣ ባዶ መሆኑን ያሳየኋቸው ሳልጠየቅ እኔ ነኝ። ስንጥቅ ያለው በሙጫ የተያዘ እጀታ አለፈ፣ ደህናው ወደቀ። ሰው የሌላ ሰው መሣሪያ አምጥቶ ሊያታልል ቢፈልግ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ነው። ኮከብ ያለው ፕላስቲክማ ከማንኛውም አሮጌ ማካሮቭ ላይ ፈትቶ መግጠም ይቻላል፤ እኔ ራሴ ፊታቸው ገጠምኩት እኮ!

ኃላፊው ሲያሰናብተኝ «ሁለተኛ ምንም ነገር እንዳይፈቱ» አለኝ። በዚህ አልስማማም። ጽዳትና ሞላ የባለቤቱ ግዴታ ነው። የማይፈታ ሽጉጥ ይዝጋል፣ የዛገ ሽጉጥ ደግሞ ከጠላት ይልቅ ለባለቤቱ ያሰጋል። ወደ መቺውና ወደ ምላጩ ውስጠኛ ክፍሎች ግን አትግቡ፣ እሱ የጠጋኙ ሥራ ነው። አንዳንዱ «ምላጩ ይለስልስልኝ» ብሎ በሞረድ ያስነካዋል። ሞረድ የነካው ሽጉጥ አጠገቤ እንዲቀመጥም አልፈልግም።

እጀታ መቀየር የግድ ከሆነባችሁ፣ ከመቀየራችሁ በፊት የሽጉጡን ቁጥር ጠቅሳችሁ ማመልከቻ ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይሁን። በእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይረፍበት። መልስ ቢዘገይም የማሳወቃችሁ ማስረጃ እሱ ነው። እኔም ለወይራው አስገብቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። አሮጌውን እቃ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቢሰበርም አትጣሉ።

ስታጸዱ ቅቤም የኑግ ዘይትም አይቀባ፣ እያደር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የስፌት መኪና ዘይት በቂ ነው፣ እሱም በስሱ። የእጀታውን ብሎን ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ፕላስቲኩን የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ ግማሽ ዙር መልሱት። የምሥራቅ ጀርመን ማካሮቭ እጀታ ጥቁር ነው፣ ኮከብም የለው። «ርካሽ ነው፣ ይገጥማል» ብሎ የሚያመጣላችሁ ካለ መጀመሪያ ወረቀታችሁን አንብቡ። ቡናማ ይላል? አትግዙት።