ከመኪናዬ የማትወርደው መጽሐፍ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ የመኪናዬን ዳሽቦርድ ከፍታ ሶፍት ስትፈልግ አንዲት የተላላጠች መጽሐፍ አወጣች። ጀርባዋ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። የገጾቿ ጫፍ ቡና ጠጥቷል። ጥግ ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረ አማርኛ ሞልቶበታል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የዋሽንግተን ካርታ ነው።"

"ስልክ እያለ?"

ልጅቷ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። አልፈርድባትም። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ሰነበተ። እኔ ይህችን ከተማ ያወቅኳት በመጽሐፍ ነው። ዛሬ ስለ እነዚያ መጻሕፍት ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በ1996 ነው። ያኔ አዲስ ሾፌር ሲመጣ የቀደሙት ልጆች ምክራቸው አንድ ነበር። "መጀመሪያ ኤ ዲ ሲ ግዛ" ይሉታል። ኤ ዲ ሲ ማለት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የተቋቋመ ኩባንያ ያትመው የነበረ የካርታ መጽሐፍ ነው። በሽቦ ስለተጠረዘ መሪ ላይ ተዘርግቶ ይነበባል። ከኋላው የመንገዱ ሁሉ ስም በፊደል ተራ ተደርድሯል። ስሙን ታገኛላችሁ፣ አጠገቡ ያለውን የገጽ ቁጥር ታያላችሁ፣ ወደዚያ ትገልጣላችሁ። እኛ ይህን ሁሉ ቀይ መብራት ላይ ቆመን እንጨርስ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዲት አሮጊት ጫንኩ። "ሲ ስትሪት" አሉኝ። ይዣቸው ሄድኩ። ቁጥሩ ጋ ስንደርስ ቤቱ የእሳቸው አይደለም። ሲ ስትሪት አራት ቦታ እንዳለ አላውቅም ነበር። እሳቸው የሚኖሩት ሳውዝኢስት፣ እኔ የወሰድኳቸው ኖርዝኢስት። ላብ በላብ ሆንኩ። ሴትየዋ ግን አልተቆጡም። ካርታዬን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ካፒቶል ላይ አሳረፉ። "ልጄ፣ ሁሉም ከዚህ ነው የሚጀምረው" አሉኝ።

ያን ቀን ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ ለአዲስ መጪ ሁሉ አስተምራለሁ። ካፒቶል፣ ማለትም የኮንግረሱ ሕንፃ፣ የከተማዋ እምብርት ነው። ከእሱ ተነስቶ ከተማዋ አራት ቦታ ትከፈላለች፤ ኖርዝዌስት፣ ኖርዝኢስት፣ ሳውዝዌስት፣ ሳውዝኢስት። ቁጥር ያላቸው መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከካፒቶል ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም በራቃችሁ መጠን ቁጥሩ ይጨምራል። ባለ ፊደሎቹ ደግሞ አግድም ናቸው፤ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እየራቁ ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንዱ ስም እስከ አራት ቦታ ይደገማል። አድራሻ ስትቀበሉ ከሁሉ በፊት መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት፣ ኤን ደብሊው ወይም ኤስ ኢ የሚሉትን፣ እዩ። አግድም መንገድ ላይ የቤቱ ቁጥር 1425 ከሆነ ቤቱ በ14ኛና በ15ኛ መካከል ነው። ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን ከተማ አወቀ።

ጄ ስትሪት የለችም። ሰው ስለዚህ ብዙ ያወራል። ከተማዋን የነደፈው ሰው የመጀመሪያውን ዋና ዳኛ ጆን ጄይን ስለሚጠላው ነው የሚል ተሳፋሪ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። እውነቱ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን የእጅ ጽሑፍ አይ እና ጄ የሚባሉት ፊደላት አይለዩም ነበር። ፊደሉ ደብሊው ላይ ያበቃል። ከዚያ እንደገና ከኤ ይጀምራል፤ አሁን ግን በስም ነው። መጀመሪያ ሁለት ድምፅ ያላቸው (ፌር-ሞንት እንደሚባለው) አጫጭር ስሞች ይመጣሉ፤ ፌርሞንት፣ ጂራርድ፣ ሃርቫርድ እያለ ዌብስተር ይደርሳል። ቀጥሎ ሦስት ድምፅ ያላቸው፤ አሊሰን፣ ቡካናን፣ ክሪተንደን። እነሱ ሲያልቁ የዛፍና የአበባ ስም፤ አስፐን፣ በተርነት፣ ሲዳር፣ ዳሊያ። ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትወጡ ታቤላውን እያነበባችሁ ውጡ። አብዛኛውን በተራ ታገኙታላችሁ።

እኔ ይህን የያዝኩት እንደ አቡጊዳ ነው። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ በመጨረሻም አዘበራርቀው ነበር። እኔም ሌሊት ወደ ቤት ስገባ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እየቆጠርኩ እነዳ ነበር። በሦስተኛው ወር ካርታውን መግለጥ ቀነሰልኝ።

ካርታ ግን ወሬ የለውም። ተሳፋሪ "ይሄ ሐውልት የማን ነው?" ሲለኝ መልስ አጣ ነበር። ቀን ሙሉ የምዞርበት ከተማ እንግዳዬ ሆኖ መቅረቱ አሳፈረኝ። የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ጂ ስትሪት ላይ ወዳለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በ1972 የተከፈተ ጥቁር የብረትና የመስታወት ሕንፃ ነው። ውስጡ ስለዚህች ከተማ ብቻ የተጻፈ የሚሰበሰብበት ክፍል አለ። የክፍሉ ሠራተኛ ምን እንደምፈልግ ሰምታ አንድ መጽሐፍ በሁለት እጇ ተሸክማ አመጣችልኝ።

በ1930ዎቹ፣ ሥራ አጥነት አሜሪካን በደቆሰበት ጊዜ፣ የሩዝቬልት መንግሥት ሥራ ያጡ ደራሲያንን ቀጥሮ ለየስቴቱ የመንገደኛ መመሪያ አስጽፎ ነበር። የዋሽንግተኑ በ1937 ወጣ። ከ1,100 ገጽ በላይ ነው። ተይዞ የሚዞሩበት አይደለም፤ በ1942 አሳጥረው እንደገና ማተማቸው አይገርምም። እኔ ግን ትልቁን ወደድኩት። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እየሄድኩ አነበብኩት። ስለ ከተማዋ ጥቁሮች የሚናገረውን ምዕራፍ የጻፈው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው መምህርና ገጣሚ ስተርሊንግ ብራውን ነው። በየጓሮው ስላሉት የድሆች ጎጆዎች፣ ጥቁር ስለማይገባባቸው ቦታዎች በግልጽ ጻፈ። የመንግሥት ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ። ያን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጎብኚ መመሪያ እንዲህ እውነት ሊናገር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያው ክፍል የአረንጓዴውን መጽሐፍ ታሪክ አገኘሁ። ቪክተር ሁጎ ግሪን የሚባል የኒው ዮርክ ፖስተኛ በ1936 ነው የጀመረው። ጥቁር መንገደኛ የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚበላ፣ የት ፀጉሩን እንደሚስተካከል የሚነግር ነበር። ማታ ከተማ ገብቶ በሩ ሁሉ የሚዘጋበት ሰው ያን መጽሐፍ ይዞ ነበር የሚጓዘው። በዋሽንግተን እንዲህ ያለ ሰው ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ዋይትሎ ሆቴል ነበር፤ 13ኛ እና ቲ ላይ በ1919 የተከፈተ። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ የመኖሪያ አፓርታማ ሆኗል። እኔ በዚያ በር ስንት ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ። ካነበብኩ በኋላ አንድ ማለዳ መኪናዬን አቁሜ ወርጄ ቆሜ አየሁት።

ሰፈሩን የኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ዩ ስትሪት ነው። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ ጥቁሮች የራሳቸውን ቲያትር ቤትና ባንክ የከፈቱበት ሰፈር። ኪንግ በተገደሉበት በ1968 ተቃጠለ። ከዚያም ለምድር ባቡሩ መንገዱ ተቆፍሮ ስንት ዓመት አቧራ ለበሰ። ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። የኛ ምግብ ቤቶች መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ላይ ነበሩ። ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ 9ኛ እና ዩ ወረዱ። አሁን ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጥተዋል። ዘጠነኛ ላይ ክትፎ በልታችሁ ስትወጡ አራት ብሎክ በእግራችሁ ሂዱና ያን ሆቴል እዩልኝ።

ካርታዬ ጥግ ላይ አማርኛ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ጊዜ ነው። ዩኒየን ስቴሽን ላይ "ጃንሆይ በባቡር የወረዱት እዚህ ነው፤ ኬኔዲ ተቀበሏቸው፤ ኦክቶበር 1፣ 1963" ብዬ ጻፍኩ። ሮድ አይላንድ አቬኑ ላይ፣ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ጋ "ሁለት ወር ሳይሞላ ለኬኔዲ ቀብር ከዋይት ሀውስ እዚህ ድረስ በእግራቸው መጡ" የሚል አለ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ "ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት፣ 1935" ብያለሁ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ስትወረን ሀገራቸው ገብተው ቁስለኛ ያከሙ፣ ኋላም ተመልሰው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያሰባሰቡ ሰው ናቸው። ከኛ ልጆች ስንቱ በዚያ በር ያልፋል! ማንም አልነገራቸውም። መጽሐፍ መደብር የሚሸጡት መመሪያዎች ላይ ይህ የለም። የኛ ስም የሚመጣው "በእጅ የሚበላ ምግብ" በሚለው መስመር ላይ ነው።

እነዚህን አዲሶቹን መመሪያዎች ብዙ ገዝቻለሁ። ጥሩዎች አሉ፤ በሰፈር የተከፋፈሉ፣ በእግር መንገድ የሚመሩ፣ ከኋላ የስም ዝርዝር ያላቸው። አንዱን ስትገዙ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት እዩ። ቀጥሎ አናኮስቲያን፣ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሰፈር፣ ፈልጉ። ብዙዎቹ ከካፒቶል እስከ ሊንከን ሐውልት ያለውን ሜዳ ይዞሩና ያበቃሉ፤ ወንዙን አይሻገሩም። ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ላይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት አለ። በ1877 የገዙት ቤት ነው። ከባርነት ያመለጠ ሰው እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መላውን ዋና ከተማ ቁልቁል ያይ ነበር። እንግዳ ሲመጣብኝ ከዋይት ሀውስ በፊት የምወስደው እዚያ ነው። ያን ኮረብታ በአንድ አንቀጽ የሚያልፍ መጽሐፍ እኔ አልገዛም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። የምትሠራው 14ኛ እና ሃርቫርድ አካባቢ ነው። በሁለተኛው ሳምንቷ ዩ ስትሪት ላይ ስልኳ ጠፋባት፤ ባትሪ ጨረሰ ማለት ነው። ማንን እንደምትጠይቅ ግራ ገብቷት ስታለቅስ አንዲት ሐበሻ አገኘቻትና አደረሰቻት። ማታ ስትነግረኝ አንጀቴ ተላወሰ። ስልኩ "ወደ ቀኝ ታጠፊ" ይላታል፣ ትታጠፋለች። የት እንዳለች ግን ነግሯት አያውቅም። ያን ማታ ካርታዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና 14ኛን በጣቷ አስቆጠርኳት። ቪ፣ ደብሊው፣ ፍሎሪዳ አቬኑ። ፍሎሪዳ የድሮው የከተማዋ ድንበር ነው፤ ስሙም ባውንደሪ ስትሪት ነበር። ከዚያ ቤልሞንት፣ ቻፒን፣ ክሊፍተን፣ ዩክሊድ፣ ፌርሞንት፣ ጂራርድ፣ ሃርቫርድ። "ዲ የታለች?" አለችኝ። 14ኛ ላይ የለችም። መጠየቋ ደስ አሰኘኝ። በማግስቱ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከዩ ስትሪት እስከ ሥራዋ በእግሯ ወጣች። ደርሳ ደወለችልኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወደ ጆንስ ፖይንት ይዣት ሄድኩ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ትልቁ ድልድይ ሥር፣ ፖቶማክ ዳር ነው። የዋሽንግተን መሬት ሲለካ በየጎኑ 10 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ነበር። በየማይሉ አንድ ድንጋይ፣ ባጠቃላይ 40 ድንጋይ ተከሉ። የመጀመሪያው የተተከለው እዚህ ነው፤ ኤፕሪል 15፣ 1791። ፈረንሳዊው ላንፋንት መንገዱን ሲነድፍ፣ ኤሊኮት የሚባል ቀያሽ ድንበሩን ለካ። ከኤሊኮት ጋር ኮከብ እያየ ቦታውን ያሰላው ቤንጃሚን ባኔከር የሚባል ነፃ ጥቁር ነበር። ቨርጂኒያ በኋላ መሬቷን መልሳ ወሰደች። ድንጋዮቹ ግን እዚያው ቀሩ።

ድንጋዩ ቶሎ አይታይም። ለመርከብ መብራት ያሳይ የነበረ ትንሽ ነጭ ቤት አለ፤ ከእሱ ሥር፣ በወንዙ ግንብ ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ አጎንብሳ አየችው። ከዚያ ካርታውን ከእጄ ተቀብላ ገጹን ፈለገች። ገጹ ላይ ስለ ድንጋዩ ምንም አልጻፍኩም ነበር። "እስክሪብቶ አለህ ጋሼ?" አለችኝ። ሰጠኋት። "ድንጋዩ ከነጩ ቤት ሥር ነው፤ ጎንበስ በሉ" ብላ ጻፈች።

በሚቀጥለው እሑድ በምዕራቡ ጥግ፣ ፎልስ ቸርች ድንበር ላይ ያለውን ልናይ ነው። እስክሪብቶው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው።