ያለ ዕዳዬ

ፖስታው ላይ ከስሜና ከመልስ አድራሻው በቀር አንዳች ነገር አልተጻፈበትም። የማስታወቂያ ወረቀት ነው ብዬ ከሱፐርማርኬት ቅናሾች ጋር ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ሰነበትኩ። ባዶነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሥራውን የሚያሳብቅ ቃል ፖስታው ላይ እንዳያሰፍር ይከለክላል። የባለዕዳው ገመና ጎረቤት ፊት እንዳይወጣ ታስቦ ነው። አሳቢነቱ ባልከፋ፤ ደብዳቤውን ሳልከፍት ሊያስጥለኝ ግን ምንም አልቀረውም ነበር።

ስከፍተው 1,184 ዶላር ክፈይ ይላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ታክሜ ሳልከፍል ቀርቻለሁ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታክመሻል በተባልኩበት ሳምንት ደግሞ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ነበርኩ፤ ፓስፖርቴ ላይ የቦሌ ማኅተም አለ። ስሙ የእኔ ነው፣ የአባቴም ስም ተከትሏል፤ የአያቴ ስም ግን የለም። በመንጃ ፈቃዴም በባንክ ደብተሬም መጨረሻ ላይ የሚገኘው እኮ የአያቴ ስም ነው። እኛ ዘንድ አያት ካልተጠራ ሰው አይለይም። በዋሽንግተን ዙሪያ የእኔንና የአባቴን ስም ይዘው የሚኖሩ ሴቶች ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቅ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ብቻ አንዲት አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የመጀመሪያው ሐሳቤ ከፍዬ ልገላገል የሚል ነበር። የሚያስቀው እሱ ነው። እናቴ ከሰፈራችን ሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ ትወስድ ነበር፤ ደመወዝ በወጣ ቀን ከቤት ሳትገባ በፊት ሱቁ ጎራ ብላ ባለሱቁ ስሟን ከደብተሩ ላይ ሲሰርዝ ቆማ ታያለች። በእስክሪብቶ አንድ ጊዜ ሰርዞ ሲተወው “ደግመህ ሰርዘው” ትለዋለች። በእሷ እጅ ያደገ ሰው ስሙን ከዕዳ ጋር ተጽፎ ሲያይ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያፍራል።

ያማከርኳቸው በየዓመቱ ግብሬን የሚሠሩልኝን አዛውንት ነው። “ጋሼ፣ ብከፍለውስ? ከክሬዲቴ፣ ከዕዳ አከፋፈል መዝገቤ ጋር ከሚነካካ” አልኳቸው።

“የማንን ዕዳ ነው የምትከፍዪው? አሥር ዶላር ብትልኪ እንኳ የእኔ ነው ብለሽ እንደ ፈረምሽ ይቆጠርብሻል። ደግሞ በስልክ ምንም እንዳትናገሪ።”

ከዕዳ ሰብሳቢው ድርጅት ግን ስልክ ቀድሞ ተደውሎልኝ ነበር። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት “ለማረጋገጥ ያህል” በአሜሪካ ሰው የሚለይበትን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን የመጨረሻ አራት አኃዞች ጠየቀችኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁት።

ጋሼ የነገሩኝን በኋላ ራሴም አንብቤ አረጋግጫለሁ። ዕዳ ሰብሳቢዎችን የሚገዛው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ነው። ደብዳቤው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳው የእኔ አይደለም ብሎ በጽሑፍ የተቃወመ ሰው ማስረጃ እስኪላክለት ድረስ ድርጅቱ ገንዘቡን ከመጠየቅ መታቀብ አለበት። ዋናው ነገር በጽሑፍ መሆኑ ነው፤ በስልክ የተባለ ተቃውሞ ይህን ግዴታ አያስከትልም። ትንሽም ቢሆን መክፈል ደግሞ በብዙ ግዛቶች የይርጋውን ዘመን፣ ማለትም በዕዳው መክሰስ የሚቻልበትን ጊዜ፣ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ያልተከፈለ ዕዳ ከአበዳሪው ገዝተው ለራሳቸው የሚሰበስቡ ኩባንያዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ የሚከፍሉት በአማካይ 4 ሳንቲም ነበር። በድሮው ዘመን በአገራችን አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር ይባላል። ጨካኝ ሥርዓት ነው፤ ቢሆንም ማን ከማን ጋር እንደታሰረ ይታወቃል። እዚህ ዕዳው እንደ ሸቀጥ እጅ ለእጅ ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ከመጀመሪያው አበዳሪ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ሰው በሬን ያንኳኳል። የእኔዎቹ እንኳን ገዢዎች አይደሉም፤ የሆስፒታሉ ወኪል ነን ነው የሚሉት።

በደብዳቤው ግርጌ ተቀዶ የሚመለስ ቅጽ አለ። “ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም” የሚል ሳጥን፣ “መጠኑ ልክ አይደለም” የሚል ሳጥን፣ ዝቅ ብሎም ቅጹን በስፓኒሽ እፈልጋለሁ የሚል ሌላ ሳጥን፣ እሱ ራሱ በስፓኒሽ የተጻፈ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር ያስተናግዳሉ፤ ዕዳ ሰብሳቢ ግን ገና አማርኛ አልለመደም። ይልመድ ማለቴ አይደለም።

የመጀመሪያውን ሳጥን በምልክት ሞልቼ ከራሴ ደብዳቤ ጋር ልልከው አሰብኩ። ያረቀቅሁት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ ነበር የሚመስለው። ማን እንደሆንኩ፣ መቼ አሜሪካ እንደገባሁ፣ ዕዳ ኖሮብኝ እንደማያውቅ፣ ለሚደረግልኝ ትብብር ከወዲሁ ምስጋናዬ የላቀ መሆኑን ዘርዝሬ ገጹን ሞላሁት። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡትና በቀይ እስክሪብቶ ቀኑን፣ የመዝገቡን ቁጥርና ሦስት ዐረፍተ ነገር አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ሰረዙት። ዕዳው የእኔ አይደለም። ማስረጃ ላኩ። ከእንግዲህ በጽሑፍ ብቻ አነጋግሩኝ። አለቀ። “ፓስፖርቴንስ ኮፒ አድርጌ ልላክ?” ብላቸው “ማን ጠየቀሽ? አስረጂ መባል ያለባቸው እነሱ ናቸው” አሉኝ። በአደራ ደብዳቤ፣ ከመቀበያ ፊርማ ጋር ላክሁት። ከፖስታ ቤት ስወጣ ሰው ያስቀየምኩ ያህል ከበደኝ፤ ሰላምታ እንኳን የሌለው ወረቀት በስሜ ልኬ አላውቅም።

መልሱ ከእኔም ደብዳቤ ያጠረ ነበር። ፋይሉን ዘግተን ለደንበኛችን መልሰናል ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ተሳሳትን አላሉም፤ ማስረጃም አልላኩም። ሆስፒታሉ ነገ ለሌላ ወኪል እንደማይሰጠው ምንም ዋስትና ስለሌለኝ ወረቀቶቹን በሙሉ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ የክሬዲት ሪፖርቴን በነፃ አወጣሁ። ዕዳው አልተመዘገበም፤ ነገር ግን ኖሬባቸዋለሁ በተባሉት አድራሻዎች ዝርዝር ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚገኝ፣ ደጁን ረግጬው የማላውቀው አፓርትመንት ተጽፏል። የሞክሼዬ ቤት መሆኑ አያጠራጥርም። ታማ ድንገተኛ ክፍል የገባችው እሷ ናት፤ የተቃውሞ ሳጥኑም የ30 ቀኑም ቀጠሮ የእሷ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ወደ እኔ መጣ። ምናልባት ኢንሹራንስ ኖሯት ሆስፒታሉ ነው የተሳሳተው፤ ምናልባትም እስከ ዛሬ የሰማችው ነገር የለም። በአድራሻዋ ልጽፍላት አስቤ ነበር። ጋሼ “የሰው ገመና ነው፣ ተይው” አሉኝ፤ እኔ ግን ገና አልወሰንኩም። እኔ ብሆን ቢነገረኝ እወዳለሁ።

አድራሻው ከመዝገቤ እንዲወጣ ለሦስቱም የክሬዲት ድርጅቶች፣ ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን ጽፌያለሁ። ሁለቱ አውጥተውታል፤ ከሦስተኛው መልስ እየጠበቅሁ ነው።