ድምፁን አጥፍተን ስናየው

ባለፈው ክረምት ደሴ እቤታችን ስድስት የሰፈር ልጃገረዶች ሰብስቤ አስፈሪ ፊልም ማየት ጀመርን። የፈለግኩት ፊልሞቹ ሴትን እንዴት አድርገው እንደሚያሳዩ አብረን እንድንመረምር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ተሳሳትኩ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን፣ ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ሴቶችን የሚያሳድድበትን «ሃሎዊን» ከመጀመሪያው ያለምንም መግቢያ ከፈትኩላቸው። አንዷ ግማሽ ላይ ተነስታ ወጣች። በማግስቱ አግኝቻት ጠየቅኳት። «እትዬ፣ እኔ ማታ እማራለሁ። በጉም ውስጥ ከኋላዬ ኮቴ እየሰማሁ ነው እቤት የምገባው» አለችኝ። ለሷ ያ ፊልም አልነበረም። አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምናይ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ የምናየውም አንድ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ደብተር ይዘን የሟቾችን ቁጥር መመዝገብ ጀመርን። ይህም አታለለን። ወንዶችም ብዙ ይሞታሉ፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው እኩል ይመስላል። ካሮል ክሎቨር የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ሌላ ነገር አሳይታለች። የወንዱ ሞት ቶሎ ያልፋል። የሴቷ ሞት በቅርበት፣ በዝርዝርና በረጅሙ ይታያል። ስለዚህ መቁጠሩን ትተን በስልካችን ሰዓት መያዝ ጀመርን።

«ሳይኮ» ላይ ደግሞ ድምፁን አጠፋነው። እ.ኤ.አ. የ1960 ፊልም ነው። ሴትዮዋ ገላዋን ስትታጠብ የምትገደልበት ትዕይንት ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለመቅረጽ ግን 7 ቀን ፈጅቷል። ቫዮሊኑ ሲጠፋ ፍርሃቱ ቀለለና ዓይናችን ተከፈተ። ትከሻ፣ ሆድ፣ እግር እየተቆራረጠ ይመጣል። የገዳዩ ፊት ጨለማ ነው። እሷ ተገልጣለች፣ እሱ ተሸፍኗል። ይህን ያየችው ከሁሉም ትንሿ ልጅ ናት።

«ዘ ኤግዞርሲስት»ን ያየን ቀን አያቴ ቡና እያፈላች ነበር። ርኩስ መንፈስ የያዛት ልጅ 12 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሐኪሞች፣ ከዚያ ቄሶች ይረባረቡባታል። አያቴ ረከቦቷን ትታ «ምነው፣ ምን ፈልገህ ነው ብለው አይጠይቁትም እንዴ?» አለች። እሷ ባደገችበት አገር ዛር ሲወርድ ቡና ይፈላል፣ ይጨሳል፣ የሚሻው ነገር ይጠየቃል። ጥያቄዋ እኔን ሌላ ቦታ ወሰደኝ። ልጅቷንስ ማን ጠየቃት?

ባርባራ ክሪድ የተባለች የፊልም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 የጻፈችው እዚህ ጋ ገባኝ። ሴት በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ተጠቂ ብቻ ሳትሆን ራሷ ጭራቅ ተደርጋም ትቀርባለች። የሚያስፈራውም ብዙ ጊዜ የገዛ አካሏ ነው፤ ደሟ፣ መውለዷ፣ ማደጓ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ስለ ቡዳ ማውራት ጀመሩ። እኛስ ሸክላ ሠሪዋን «በዓይኗ ትበላለች» ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው? ማሰሮዋን እንገዛለን፣ ልጃችንን ግን እንሸፍንባታለን። ስለዚህ ጉዳይ እስኪመሽ አወራን። ከሁሉም የማልረሳው ቀን ያ ነው።

ወጥታ የነበረችው ልጅ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሰች። የ«ሃሎዊን»ን መጨረሻ ማየት ፈልጋለች። ክሎቨር «የመጨረሻዋ ልጅ» የምትላት፣ ሌሎቹ ሲያልቁ ተርፋ ገዳዩን የምትጋፈጥ ዓይነት ሴት እዚያ አለች፤ ሎሪ ትባላለች። በሹራብ መርፌ፣ በማንጠልጠያ ሽቦ፣ በገዳዩ በራሱ ቢላ ትታገላለች። በመጨረሻ ግን የገዳዩ ሐኪም ደርሶ በሽጉጥ ይተኩስበታል። ልጅቷ ተናደደች። «ያን ሁሉ ታግላ መጨረሻ ላይ እሱ ይምጣ?»

በሳምንቱ እ.ኤ.አ. የ1979ኙን «ኤሊየን» አመጣሁላት። ባለታሪኳ ሪፕሊ ብቻዋን ቀርታለች። የሚደርስላት የለም። ጭራቁን ራሷ ከጠፈር መርከቧ ታስወጣዋለች። እንደ ልማዴ ድምፁን ላጠፋ እጄን ስሰነዝር ልጅቷ ያዘችኝ።

«ተይው እትዬ፣ ይሄንን እንስማው።»