ጀርባቸውን የማውቃቸው ሰዎች

ሐሙስ ጠዋት

ዛሬ ሐይቁን በተቃራኒ አቅጣጫ ዞርኩት። አስቤበት አይደለም።

የዘወትር መነሻዬ ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። እዚያ ጋ አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም 0 ተጽፏል፤ ከዚያ በየ100 ሜትሩ ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ 2,400 ሲሞላ መልሶ ወንበሩ ጋ ያደርሰኛል። በእኔ እርምጃ ግማሽ ሰዓት። ሐኪሙ ያዘዘልኝም ይኸንኑ ነው። ስልኬ "10,000 እርምጃ አልሞላህም" እያለ ቢነዘንዘኝም አልሰማውም። ያ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ እንጂ ሐኪም ለክቶ ያወጣው አይደለም።

ዛሬ ስደርስ ከመነሻው ትንሽ አለፍ ብሎ መንገዱ በገመድ ታጥሯል። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከታች ገፍቶ አሳብጦት ነበር፤ ባለፈው ወር እኔንም ሊደፋኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አስፋልት ሥር እርጥበት ስለማይጠፋ ሥሮች ወደዚያው ይሳባሉ። ሌሎቹ ሰዎች በሳሩ በኩል ጥሰው ያልፋሉ። እኔ ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረውን ሳር አላመንኩትምና ፊቴን አዙሬ በወዲያኛው በኩል ጀመርኩ።

ሁልጊዜ ሐይቁን በግራዬ አድርጌ ነው የምዞረው፤ ሰዉም አብዛኛው እንደዚያው ነው። ምናልባት የሩጫ መም አስለምዶን ይሆናል። መም ላይም ቢሆን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ኦሎምፒክ ሯጮቹ የዞሩት በቀኝ ነው።

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የማውቀው የሰው ጀርባ ብቻ ኖሯል! በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ዓመት ሙሉ ቢዞሩ አይተያዩም። በተቃራኒ የሚሄዱት ግን በአንድ ዙር ሁለቴ ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። ባለ ሰማያዊ ጃኬቱን ጎረምሳ፣ አረማመዱን አይቼ ስቀናበት የኖርኩትን፣ ዛሬ ከፊት አየሁት። ሴት ናቸው። ፀጉራቸው ሽበት በሽበት፣ እናቴን የሚያክሉ። ደንግጬ "እንደምን አደሩ" አልኳቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ተገናኘን። ሁለተኛውን ጊዜ ሰው ምን ይባላል? ሰዓቴን እንደማይ ሆኜ አለፍኳቸው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ውሃው ውስጥ የተተከለው ግንድ ላይ የምትቀመጠው ጥቁር ወፍም እንዲሁ ናት። ከወዲያ በኩል ስመጣ ቅርንጫፍ ጋርዷት የምትታየኝ እንደ ጥቁር ጉማጅ ነው። ዛሬ ሁለት ክንፎቿን እንደ ታጠበ ልብስ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቆማለች፤ ከክንፏ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እነዚህ ዓሣ አጥማጅ ወፎች ላባቸው እንደ ዳክዬ ላባ ውሃ አይመልስም፤ ይርሳል። መራሱ ጠልቀው ለመዋኘት ቢያግዛቸውም ሲወጡ ተሰጥተው መድረቅ አለባቸው። ቆሜ ሳያት ቢያንስ ሦስት ደቂቃ አጠፋሁ።

1,700 ላይ ሽማግሌውን አገኘኋቸው። በየቀኑ እየቀደምኳቸው ሳልፍ የማዝንላቸው ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት። ከፊት ሲታዩ ግን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ሻጥ አድርገዋል፤ እየሰሙ ብቻቸውን ይስቃሉ። የሚታዘንላቸው ሰው አይደሉም። አጎንብሼ ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን አንስተው አለፉ።

ዙሬን ስጨርስ ሠራተኞቹ ገመዱን አንስተዋል። ሽማግሌው ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮኑን ቀነስ አደረጉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"አንተ ነህ እንዴ በግራ እግሩ የሚያነክሰው?"

"እኔ? አላነክስም እኮ አባባ።"

"ታነክሳለህ እንጂ። በየቀኑ ስታልፈኝ ከኋላ አይሃለሁ። አንጀቴን ስትበላኝ ነው የከረምከው።"

ወደ ቤት ስሄድ ምክንያት አገኘሁለት። መንገዱ የዝናብ ውሃ እንዲወርድለት ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነው። 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፣ በዓይን አያስታውቅም፤ ግን በ3 ሜትር ስፋት ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሐይቁን በግራ ይዤ በዞርኩ ቁጥር ግራ እግሬ ዝቅ ያለው ላይ ያርፋል። በቃ፣ ያስነከሰኝ መንገዱ ነው! ይህንኑ ለባለቤቴ በወረቀት ስዬ ጭምር አስረዳኋትና ሳሎን ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያልኩ እንድታየኝ ለመንኳት።

አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

"ስንጋባም እንደዚሁ ነበር የምትሄደው" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።