ለጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚሰለፉ ታንኮችን እንዴት እንደገጣጠምኩና እንደቀባሁ

በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ የሚሠራ ሞዴል ታንክ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለእይታ ከሚቀመጠው በሁለት ነገር ይለያል፤ አንደኛ በየጨዋታው በብዙ እጅ ይነሣል፣ ይገፋል፣ ይዞራል፤ ሁለተኛ ተጫዋቹ የሚያየው ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቲ-34/85 የተባለውን ታንክ የታጠቀ አንድ የሶቪየት ሻምበልና እሱን የሚገጥሙትን የጀርመን ፓንዘር 4 ታንኮች ስሠራ ጥንካሬንና ከርቀት መለየትን ከጥቃቅን ዝርዝር አስቀድሜ ነበር፤ የሥራው ቅደም ተከተልም በዚሁ ተወሰነ።

ለዚህ ጨዋታ ከሚዘወተሩት መጠኖች መካከል 1/56፣ 1/72 እና 1/100 ይገኙበታል፤ ቁጥሩ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ያሳያል። መድፉን ጨምሮ ርዝመቱ 8 ሜትር ገደማ የሆነው ቲ-34/85 በ1/56 ሲሠራ 14 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/72 11 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/100 ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የሶቪየት ሻምበል ሦስት ሦስት ታንክ ያላቸው ሦስት ጋንታዎችና የአዛዡ ታንክ፣ በድምሩ 10 ታንክ ስለነበረው፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ሳይጨናነቁ እንዲንቀሳቀሱ 1/72ን መረጥኩ። የታንኩ መጠን ከሜዳው ርቀት ጋር ይጣጣማል ማለት ግን አይደለም፤ 1,000 ሜትር በዚሁ ስሌት ወደ 14 ሜትር ስለሚጠጋ የጨዋታ ሕጎች ርቀትን ሆን ብለው ያሳጥራሉ።

የሞዴሉን ክፍሎች ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም በመቁረጫ ፒንሳ ለየኋቸው፤ ፒንሳው ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲቆርጥ አድርጌ የቀረውን ጉጥ በስለትና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ። ጥንካሬው የሚወሰነው ከዚህ ቀጥሎ በሚመረጠው ማጣበቂያ ነው። የፖሊስታይሪን (የሞዴሉ ፕላስቲክ) ማጣበቂያ ሁለቱን ገጽ በጥቂቱ አቅልጦ ስለሚያዋህድ መጋጠሚያው ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ራሱ አይለይም፤ ሱፐር ግሉ ግን በገጽ ላይ ብቻ ስለሚይዝ መውደቅና መጋጨትን አይችልም። ሬዚን (በቅርጽ ፈስሶ የሚጠጥር ሰው ሠራሽ ቁስ) እና ብረት በፖሊስታይሪን ማጣበቂያ ስለማይቀልጡ እዚያ ሱፐር ግሉ ግድ ነው፤ ክፍሉ ክብደት ካለው ሁለቱንም ወገን ሰርስሮ አጭር ሽቦ ማስገባት ይሻላል። ሬዚን ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በውሃ እያረጠቡ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ዝርዝርን የቀነስኩት ከርቀት በማይታይ ቦታ ነው፤ ከሰንሰለቱ ግን አልቀነስኩም፤ ምክንያቱም የታንክን ዓይነት ከጎን የሚያስለየው እሱ ነው። ቲ-34 አምስት ትልልቅ ጎማዎች በየጎኑ አሉት፤ የሰንሰለቱን የላይኛ ክፍል የሚደግፉ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ስለሌሉት ሰንሰለቱ ረገብ ብሎ በጎማዎቹ አናት ላይ ይተኛል። ፓንዘር 4 በአንጻሩ ስምንት ትንንሽ ጎማዎችና ከላይ አራት ደጋፊዎች ስላሉት ሰንሰለቱ በአመዛኙ የተወጠረ ነው። የቲ-34ን ሰንሰለት ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት በጥርስ መጎርጎሪያ ወደ ጎማዎቹ ተጫንኩት፤ በዚህ ቀላል ሥራ ሞዴሉ ክብደት ያለው መሰለ።

ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀርመኖች የሶቪየትን ፀረ ታንክ ጠመንጃ ለመመከት በታንኮቻቸው ጎን ላይ የሰቀሏቸው ስስ የብረት ሳንቃዎች ሌላ ጥያቄ አስነሡ። የእውነተኛው ሳንቃ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1/72 ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ከሚወፍር ብረት ጋር እኩል ነው። በቀጭን ብረት የተሠሩ መተኪያዎች አሉ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በጣት ከተጨበጡ ይጣመማሉ። ስለዚህ ፕላስቲኩን ትቼ የሚታየውን ጠርዝ ብቻ በሞረድ አሳሳሁት፤ ዓይን ውፍረትን የሚገምተው ከጠርዝ ነውና።

መድፉን ተሸክሞ የሚዞረውን ቱሬት ሳላጣብቅ ተውኩት፤ ወዴት እንዳነጣጠረ ማሳየት ስላለበት። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ታንክን የሚያነሣው ቱሬቱን ይዞ ስለሆነ ቀፎው (የታንኩ ዋና አካል) ተላቅቆ እንዳይወድቅ በሁለቱም በኩል ትንንሽ ማግኔት ቀበርኩ። ማግኔቶቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን ገጽ ሙጫ ከመንካቱ በፊት በቀለም ነጥብ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የሬዲዮ አንቴናዎችን ሙሉ በሙሉ ተውኳቸው፤ ካስፈለጉ ከሚተጣጠፍ የብሩሽ ፀጉር እንጂ ከሽቦ አይሁኑ፣ የሽቦ አንቴና ጣት ይወጋል።

ለቀለሙ መነሻ እንዲሆን ጥቁር ፕራይመር በመላው ታንክ ላይ ከነፋሁ በኋላ ነጭ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነፋሁ፤ ብርሃን የሚያርፍበትና ጥላ የሚውልበት ቦታ በዚህ ተለየ። ከዚያ የሚቀባው ቀለም ሳስቶ ሲቀባ ይህ ልዩነት ከሥር ይታያል። የሶቪየቱ መደበኛ አረንጓዴ 4ቢኦ ይባላል። እውነተኛውን ቀለም በትክክል ያስመሰለ ድብልቅ በትንሽ ሞዴል ላይ ከሚገባው በላይ ስለሚጨልም፣ ጥቂት ቢጫና ነጭ ጨምሬ አፈካሁት። በዚህ ጉዳይ ስለ ትክክለኛነት የሚደረገው ክርክር የተጋነነ ይመስለኛል፤ ያው አረንጓዴ በፀሐይና በአቧራ ይለወጥ ነበርና።

የጀርመኖቹ የበለጠ ነፃነት ይሰጣል። ከየካቲት 1943 እ.ኤ.አ. በፊት ጥቁር ግራጫ የነበረው መነሻ ቀለም በጥቁር ቢጫ ተተካ፤ አረንጓዴና ቀይ ቡናማ ቀለም ደግሞ በሊጥ መልክ ለጦር ክፍሎቹ ታድሎ ወታደሮቹ በውሃ ወይም በቤንዚን እያቀጠኑ ራሳቸው ይቀቡ ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱን ታንክ ዝንጉርጉር የተለያየ አደረግሁት፤ የአንድ ጦር ክፍል መሆናቸውን ለማሳየት ሦስቱ ቀለሞች ይበቃሉ።

በቀለሙ ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከቀባሁ በኋላ በወረቀት ላይ ታትመው የሚመጡትን የቱሬት ቁጥሮች በውሃ አላቅቄ በወረንጦ አስቀመጥኩ፤ ሻካራ ገጽ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ አየር ይይዝና በጠርዙ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው በነጭ ቲነር የቀጠነ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በብሎኖችና በመጋጠሚያዎች ዙሪያ ብቻ የጨመርኩት። ቫርኒሹ እዚህም ይጠቅማል፤ ቲነሩ በራቁት ፕላስቲክ ላይ ካረፈ መጋጠሚያዎችን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሲደርቅ ብሩሽ በፈካ አረንጓዴ ነክሬ፣ ቀለሙን ሊያልቅ እስኪል ድረስ በጨርቅ ከጠረግሁ በኋላ፣ ጠርዞቹን ብቻ በስሱ ዳበስኩ።

በጠርዝ ላይ ያለው ይህ ብርሃን ለጌጥ ብቻ አይደለም። በብዙ ሕጎች ጥይት የታንኩን ፊት ወይም ጎን መምታቱ ውጤቱን ይለውጣል፤ ኤች የተባለው የፓንዘር 4 ዓይነት የቀፎው ብረት ውፍረት ፊቱ ላይ 80፣ ጎኑ ላይ ግን 30 ሚሊ ሜትር ነው። ፊትና ጎን የሚገናኙበት ጥግ ከሩቅ በግልጽ ከታየ ክርክር ይቀንሳል። ዝገትን ግን ቆጠብኩ፤ ከፋብሪካ ወጥቶ በወራት ውስጥ ውጊያ የገባ ታንክ አቧራና ጭቃ እንጂ ዝገት አይበዛበትም። ጭቃውን ከጎማዎቹ በታች አበዛሁት፤ ሰንሰለቱ መሬት የሚነካበትን ገጽ ደግሞ በጽሕፈት እርሳስ ፈተግሁ፣ ብረቱ ተፈትጎ እንዳበራ ሆነ።

በ1945 እ.ኤ.አ. ጸደይ ሶቪየቶች የራሳቸው አውሮፕላኖች እንዳይመቷቸው በቱሬቱ ዙሪያ ነጭ መቀነት፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ ነጭ መስቀል ይቀቡ ነበር። ይህን ለአዛዡ ታንክ ልጨምር አስቤ ተውኩት፤ እንዲህ የተቀባ ታንክ ከበርሊን ውጊያ በፊት ላለ ጨዋታ አይሆንምና።

በመጨረሻ ሁሉንም የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ነፋኋቸው፣ በእጅ የሚያዙትን ጠርዞች ደግሞ በብሩሽ ደገምኩ። የእያንዳንዱን ቀለም ድብልቅ መጠንና ቅደም ተከተል በካርድ ጽፌ፣ የቀረውን ድብልቅ በትንሽ ጠርሙስ አሽጌ ከታንኮቹ ጋር በአንድ ሣጥን አኖርኩ፤ ጠርዙ የተላጠን ታንክ መጠገን ወይም ለሻምበሉ አዲስ መጨመር ሲያስፈልግ ቀለሙ ከሌሎቹ እንዳይለይ።