ንብህ ከኔ ጓሮ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን እንጃ። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ግን ለንደን ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤት ለሻይ ስገባ የባልደረባዬ የሽማግሌው ወንበር ባዶ ነበር። ጡረታ ከወጡ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው። ስለሳቸው ደጋግሜ ስለጻፍኩ ታውቋቸዋላችሁ፤ እኚያ ጋዜጣቸውን አራት ቦታ አጥፈው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚቀመጡት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን በልቤ ሁሌም አንቱ ነበር የምላቸው።

መስኮቱ ሥር አንድ የድሮ ጋዜጣቸው ቀርቷል። መስቀለኛ ቃላቱ ግማሹ ተሞልቷል፤ ግማሹ ባዶ ነው። ልጥለው አልቻልኩም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እኛ አገር ጋዜጣ ላይ የለመድነው መስቀለኛ ቃላት "የኬንያ ዋና ከተማ፣ ወደ ጎን" ዓይነት ነው። ካወቅከው ትሞላዋለህ፣ ካላወቅከው ታልፈዋለህ። የሳቸው ግን ሌላ ነው። ፍንጩ ስለ አንድ ነገር እያወራህ ስለ ሌላ ነገር ይጠይቅሃል። መጀመሪያ ያሳዩኝ ስምንት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበር። ኤች፣ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ። መልሱ አምስት ፊደል ነው አሉኝ፤ ሌላ ምንም የለም። ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። አልመጣልኝም። ዓርብ ዕለት አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ "ከየት ይጀምራል? የት ያልቃል?" አሉኝ። ከኤች እስከ ኦ። በእንግሊዝኛ ሲባል "ኤች ቱ ኦ"። ውሃ! "ዎተር" ደግሞ አምስት ፊደል ነው። ሻዬን ልደፋው ምንም አልቀረኝም።

ሥርዓት አለው። ከፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የመልሱ ፍቺ ይቀመጣል። የቀረው ክፍል የቃሉን አሠራር ይናገራል፤ ፊደላቱ ተዘበራርቀው፣ ወይ ተገልብጠው፣ ወይ ሌላ ቃል ሆድ ውስጥ ተደብቀው ይሆናል። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ግን አይነገርህም። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ተራ ወሬ ለስልሶ ስለሚያልፍ ስፌቱ አይታይም። ስፌቱን ያገኘ ፈታው ማለት ነው። ጋዜጣው ዘ ታይምስ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ሲያወጣው ኖሯል። ሽማግሌው ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ሞክረውታል።

"ይሄማ የኛ ነው" አልኳቸው አንድ ቀን። ግራ ገባቸው። ሰምና ወርቅን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ከዚያ እሳት ሲያሳየው ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በባዶው ቦታ ወርቅ ይገባል። ቅኔም እንደዚያ ነው አልኳቸው። ምሳሌ ስጠኝ አሉኝ። ትምህርት ቤት "ሰሙን፣ ወርቁንና ኅብረ ቃሉን ጻፉ" እየተባልን የተፈተንባቸው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፉ። ይቺ ብቻ መጣችልኝ፦

የምን ጥቅም ጠላ፣ የምን ጥቅም ጠጅ፣
ጠላት ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ።

ሰሙ ጨዋ ነው። ጠላትህን ስትሸኝ ጠላና ጠጅ ምን ያደርግልሃል፣ ቡና አፍላለት ይላል። አሁን ግን ቶሎ ብላችሁ አንብቡት። "ቡና አድርገው" እና "ቡን አድርገው" አፍ ውስጥ አንድ ናቸው። የቡና "ና" እና የአድርገው "አ" ተዋውጠው የቃሉ ድንበር ይጠፋል። ቡን አድርገው! እንደ አመድ በትነው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሳስረዳቸው ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ፤ እሳቸው ግን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። "ስፌቱ ቃሉ መሃል ነው ያለው!" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ እንደዚያ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በአማርኛ አንድ ፍንጭ ልሠራላቸው ስሞክር ከረምኩ። ፊደላችን አስቸጋሪ ነው። በእንግሊዝኛ ተነባቢውም አናባቢውም ለየብቻ ስለሚቆም እንደ ልብ ይዘበራረቃል። የኛ ፊደል ግን ድምፁን አቅፎ ነው የሚዞረው፤ አንዱን ብታነሳው ሁለቱም ይከተላሉ። በመጨረሻ አንዲት ወጣችልኝ፦ "ማለ፣ ዞሮ በለጸገ፤ ሁለት ፊደል።" መልሱ "ለማ" ነው። ማለ ሲዞር ለማ። ለማ ማለት ደግሞ በለጸገ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፊደላቱን በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዛሬም እዚያው ያለ ይመስለኛል።

ልጽፈው የተነሳሁት ግን ይሄን አልነበረም። አንድ ቀን ስለነገሩኝ ቄስ ነበር።

ጆን ግራሃም ይባላሉ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ለዘ ጋርዲያን ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት ያወጡ ነበር፤ የብዕር ስማቸው አራውካሪያ ነው፣ የዛፍ ስም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጥር ላይ፣ 91 ዓመታቸው ሳለ፣ አንዱ ጨዋታቸው ከአጭር ማስታወሻ ጋር ወጣ። አራውካሪያ የ19 18 ወደ ታች አለበት፣ በ13 15 እየታከመ ነው የሚል። አንባቢው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረበት። 18 ካንሰር። 19 የምግብ ቧንቧ። 13 እና 15 አንድ ላይ፣ የማስታገሻ እንክብካቤ። ሰዎች ቁርስ ላይ እርሳሳቸውን ይዘው፣ ሳጥን በሳጥን እየሞሉ፣ የሚወዱት ሰው እየሞተ መሆኑን በገዛ እጃቸው ጻፉት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አረፉ። ሽማግሌው ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቆርጦ ነበር።

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ያንን የታጠፈ ጋዜጣ ይዤ ስለ ቄሱ ሳስብ፣ ሳላስበው አያቴ፣ አባባ፣ መጡብኝ።

አባባ ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። አኮፋዳ አንግተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው የተማሩት። እኔ ያደግሁት ጎጃም እሳቸው ዘንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባዬ አዲስ አበባ ነበር። ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አላውቅም፤ የበሬ ሽያጭ የሚሉ አሉ፣ አባባ ሰው ፊት ክፉ ቃል ተናግረውት ነው የሚሉም አሉ። እኔ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ለክረምት ወደ አባዬ ልሄድ ስል፣ አባባ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠሩኝ። "እስቲ ይቺን ፍታት" አሉኝ፦

ንብህ ከኔ ጓሮ አበባ ቀሰመ፣
ማር እያልኩ ስለምን ነገሩ ከረመ።

ብዙም አልቆየሁ። "ማር!" ብዬ ጮህኩ። "ሰሙ የንብ ማር ነው፤ ወርቁ ማር፣ ይቅር በል!" ደስ አላቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ስሙኒ ሰጡኝ። ስሙኒዋ ሙቅ እንደነበረች አስታውሳለሁ። ከዚያ "ንቡስ?" አሉኝ። "ንቡማ ንብ ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው "ደህና፣ አባትህ ዘንድ ስትደርስ ቅኔ አውቃለሁ ብለህ በልለት" አሉኝ።

አርባ ዓመት ያህል ይቺን ቅኔ የፈታኋት መስሎኝ ኖሬያለሁ። ስንት ሰው ፊት አስረድቼያታለሁ! ኅብረ ቃሉ ማር፣ ሰሙ እንዲህ፣ ወርቁ እንዲህ። ለሽማግሌውም ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሳለ ነው የገባኝ። ንቡ እኔ ነኝ። "ንብህ" ማለት ልጅህ ማለት ነው። ከጓሯቸው የቀሰምኩት አበባ ፊደሉ ነው፣ ዳዊቱ ነው፣ ያበሉኝ እንጀራ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማር ሲሉ የኖሩትም ልጃቸውን ነው። ጎጃም ውስጥ፣ በዚያ ዘመን፣ አባት ልጁን በግልጽ ይቅር በለኝ ብሎ አይለምንም። አባባማ ጨርሶ። ስለዚህ ሰም አለበሱትና በገዛ ንቡ እጅ ላኩለት።

ቤት ስደርስ ካፖርቴን ሳላወልቅ አክስቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ መሽቶ ነበር፣ ደነገጠች። "ምነው? ሰላም ነህ?" አለችኝ። ሰላም ነኝ፣ ስለ አባባ ልጠይቅሽ ነው አልኳት። ቅኔዋን ሳልጨርስላት ጨረሰችልኝ። ታውቃታለች።

"ለመሆኑ ለአባዬ ነግሬው ነበር?" አልኳት።

"ነግረኸዋል እንጂ! ባትነግረውማ ማሩን ለምን ይልካል?"

"የምን ማር?"

"ኧረ አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣኸው? መስከረም ላይ ስትመለስ፣ በቢጫ ቆርቆሮ፣ አፉ በላስቲክ ታስሮ። ጭንህ ላይ አቅፈኸው ነው ከአውቶቡስ የወረድከው።"

ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። የላስቲኩ ጥብቀት፣ መንገዱን ሙሉ እጄ ላይ የነበረው መጣበቅ፣ የዓባይ በረሃ ሙቀት። ቆርቆሮው ውስጥ ማር እንደነበረ ግን ረስቼው ነበር። ከአባዬ ጋር ራት ላይ የነበርንበት ሌሊትም መጣልኝ። ቅኔዋን ስልለት እጁ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ምንም አላለም።

"አባባ ማሩን ምን አሉ?" አልኳት።

"ምንም። ማንም እንዳይነካ ብለው ቆጡ ላይ አስቀመጡት። ሲሞቱ ስናወርደው ስኳር ሆኖ ደርቆ ነበር።"

ስልኩን ከዘጋሁ ሁለት ሰዓት አልፎኛል። ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው በርዷል። ሁለቱም አሁን የሉም። አባዬ ቀብር ላይ መድረሱን አውቃለሁ፤ ከዚያ በፊት መጥቶ እንደሁ ግን አክስቴም አታስታውስም።

አባዬ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ይሆን? ሽማግሌ ማር አምሮታል ብሎ ከመርካቶ ገዝቶ የላከ? ግን እሱም እኮ የአባባ ልጅ ነው፤ ቅኔ እየሰማ ነው ያደገው። ደግሞስ ወደ ጎጃም ማር የሚልክ ማን ነው? ማር ከጎጃም ይወጣል እንጂ ወደ ጎጃም ይገባል? ያቺን ቆርቆሮ የላከው አውቆ ከሆነ፣ መልሱ እሷው ነበረች ማለት ነው። ማር አልከኝ፣ ይኸው ማር። ምሬሃለሁ።

እንደዚያ ከሆነ ደግሞ አባባ ለምን አልከፈቱትም? ይህን ያህል ዓመት የለመኑት ደርሶላቸው፣ ቆጥ ላይ ያስቀመጡት እንዳያልቅባቸው ነው? ወይስ እሳቸውም፣ ከዋሸራ የወጡት ሰውዬ፣ ሰሙን ብቻ አይተው ልጄ የጠየቅሁትን አልገባውም ብለው ነው?